ቻንሲታ የፓጋን ንጉሥ፤ የዘውዱና የቃሉ ታሪክ

ባለፈው ዓመት በታሪክ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ጥያቄውም፣ አንድ ንጉሥ ወንድ ልጅ የለኝም ብሎ ዘውዱን ለሴት ልጁ ልጅ ካወረሰ በኋላ የገዛ ወንድ ልጁ ከሩቅ ስፍራ ቢመጣበት፣ ዘውዱ የማን ሊሆን ይገባል የሚል ነበር። ክፍላችን በሁለት ወገን ተከፈለ። እኔ ልጁ መንገሥ አለበት ከሚሉት ጋራ ቆሜ እስከ ደወሉ ድረስ ተከራከርሁ። ክርክሩም መቋጫ ሳያገኝ ቀረ። መምህራችን ሲወጡ ግን ነገሩን እርሳቸው እንዳልፈጠሩት፣ በበርማ ንጉሥ በቻንሲታ ቤት እንደ ደረሰ በአገሩ ዜና መዋዕል የተጻፈ መሆኑን ነገሩን። እኔም ወገኔ እንዲረታ ስለ ፈለግሁ የዚህን ንጉሥ ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁት ነገር ለክርክር ከምፈልገው የበለጠ ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በዚህ መጽሔት ላይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በርማ ዛሬ ምያንማር የምትባለው አገር ናት። በህንድ፣ በቻይናና በታይላንድ መካከል ትገኛለች። ኢራዋዲ የሚባለው ትልቅ ወንዝ አገሩን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጦ ወደ ባሕር ይገባል። በዚህ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳር፣ ዝናም በሚያንስበት ደረቅ ሜዳ ላይ፣ ፓጋን የተባለች ጥንታዊት ከተማ ነበረች። ዛሬ ባጋን ይሏታል። ነገሥታቷና ሹማምንቷ፣ ባለጸጎቿም ጭምር፣ ለቡድሃ ሃይማኖት ያሠሯቸው ቤተ መቅደሶችና ፓጎዳዎች ከ2000 የሚበልጡት እስካሁን ድረስ በሜዳው ላይ ቆመው ይታያሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2019 ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የቻንሲታን ታሪክ የምናገኘው ከሁለት ምንጮች ነው። አንደኛው እርሱና ልጁ በድንጋይ ላይ ያስቀረጹት ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው የበርማ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በኋላ የጻፉት ዜና መዋዕል ነው። ከነዚህም ታላቁ በ1829 ንጉሥ ባጂዶ ባዘዘው መሠረት መሰናዳት የጀመረው ነው። ይኸውም ቻንሲታ ከሞተ ከ700 ዓመት በላይ ቈይቶ ማለት ነው። ስለዚህ ዜና መዋዕሉ የሚለውን ሁሉ እንደ ድንጋዩ ቃል አድርገን ልንቀበለው አይገባም። እኔም የትኛው ከየት እንደ ሆነ እየለየሁ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ።

ፓጋንን ታላቅ መንግሥት ያደረጋት ንጉሥ አናውራታ ነው። የነገሠውም ከ1044 እስከ 1077 ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው፣ በ1057 በደቡብ ያለችውን ታቶን የተባለች የሞን ሕዝብ ከተማ ያዘ። ንጉሧንም ማርኮ ቅዱሳት መጻሕፍቷንና መነኮሳቷን ወደ ፓጋን አመጣ። ቻንሲታ ከዚህ ንጉሥ የጦር አለቆች አንዱ ነበረ።

የቻንሲታ ልደት ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ጥርጥር ያለበት ነበር። ዜና መዋዕሉ እንዲህ ይተርካል። እናቱ ለአናውራታ ሚስት ትሆን ዘንድ ከሩቅ አገር የመጣች ልዕልት ነበረች። ነገር ግን ያመጣት መልእክተኛ በመንገድ ከእርሷ ጋራ ተዋዷል ተብሎ ስለ ተወራ፣ የተወለደው ሕፃን የንጉሡ ይሁን የመልእክተኛው በርግጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደግሞም ኮከብ ቈጣሪዎች የሚነግሥ ሕፃን ተወልዷል ብለው ስለ ተነበዩ፣ አናውራታ ሕፃናትን አስፈጀ፤ ይህ አንዱ ግን ተረፈ ይባላል። ሕዝቡም ስሙን የተረፈው ወታደር ብሎ ይተረጕመዋል። የዛሬ ሊቃውንት ግን ስሙ ወታደራዊ ሹም የሚል ትርጉም ካለው አሮጌ ማዕረግ የመጣ ነው ይላሉ። እውነቱ የትኛውም ቢሆን፣ አባቱ በውል ያልታወቀ ሰው በኋላ ዘመን የዘውድን ውርስ ለመቍረጥ መገደዱ የሚያስገርም ነው።

ቻንሲታ በጦርነት ስሙ ገነነ፤ ዳሩ ግን ከንጉሡ ጋራ ተጣላ። የጠቡም ምክንያት የፔጉ ንጉሥ ልጅ ማኒሳንዳ ናት ይባላል። ለአናውራታ ሚስትነት ስትመጣ እንዲያጅባት ታዝዞ ሳለ ወደዳት። ይህም በንጉሡ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ቻንሲታ ከሞት ለጥቂት አምልጦ ተሰደደ። በስደቱም ዘመን በአንድ ባሕታዊ አጠገብ የምትኖር ታምቡላ የምትባል ወጣት አግኝቶ አብሯት ኖረ። ከእርሷ ተለይቶ ሊሄድ ሲል እርጉዝ ነበረች። ቻንሲታም የጣቱን ቀለበት አውልቆ ሰጣት፤ የምትወልደው ሴት ብትሆን ቀለበቱን ሸጣ ልጅቷን እንድታሳድግበት፣ ወንድ ቢሆን ግን ልጁንና ቀለበቱን ይዛ እንድትመጣ ነግሯት ሄደ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቀለበት አትርሳው፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እርሱ ነው።

አናውራታ በ1077 በሞተ ጊዜ ልጁ ሳውሉ ነገሠ። ሳውሉ ከሞግዚቱ ልጅ ከያማንካን ጋራ አብሮ ያደገ ስለ ሆነ፣ ይህን ወዳጁን በፔጉ ላይ ሾመው። አንድ ቀን ሁለቱ የጠጠር ዕጣ እየጣሉ ሲጫወቱ ያማንካን ረታና በደስታ ፈነጠዘ። ንጉሡም በዚህ ተናድዶ፣ ይህን ያህል ጐበዝ ከሆንህ እስቲ በፔጉ ሆነህ ሸፍት ብሎ አፌዘበት። ያማንካን ግን ፌዙን የምር አደረገው። ወደ ፔጉ ወርዶ ጦር ሰበሰበና በኢራዋዲ ሽቅብ ወደ ፓጋን ዘመተ። በጨዋታ ላይ የወጣች አንዲት ቃል የአገር ጦርነት ሆና ተመለሰች።

ሳውሉ በጭንቁ ጊዜ ቻንሲታን አስጠራው፤ እርሱም መጣ። ነገር ግን ንጉሡ በጦርነቱ ተሸንፎ ተማረከ። መኳንንቱ ያን ጊዜ ዘውዱን ለቻንሲታ አቀረቡለት። እርሱ ግን ጌታዬ በሕይወት ሳለ አልነግሥም ብሎ እምቢ አለ። ከዚያም ሌሊት ብቻውን ወደ ጠላት ሰፈር ሾልኮ ገባና ሳውሉን በጀርባው አዝሎ ይወጣ ጀመር። ሳውሉ በመንገድ ሳለ አሳብ ገባው፤ ያማንካን የጡት ወንድሜ ስለ ሆነ አይገድለኝም፣ ይህ ግን ሊገድለኝ ነው የሰረቀኝ ብሎ ጠርጥሮ ጮኸ። ዘበኞች ነቁ፤ ቻንሲታም ንጉሡን ጥሎ በወንዙ ውስጥ ዋኝቶ አመለጠ። ሳውሉ ባመነው ሰው እጅ ሞተ። ያማንካንም ጥቂት ቈይቶ ድል ሆኖ ሲሸሽ በአንድ አዳኝ ፍላጻ ተመትቶ ሞተ። ይህ ሁሉ የዜና መዋዕሉ ትረካ ነው።

በ1084 ቻንሲታ ነገሠ። ከዚህ ወዲያ ድንጋዮቹ ራሳቸው ስለሚናገሩ ታሪኩ ይበልጥ የተረጋገጠ ይሆናል። ይህ ንጉሥ ትውልዱ ከበርማውያን ሲሆን፣ ድንጋዮቹን ያስቀረጸው ግን አናውራታ ባስገበራቸው በሞኖች ቋንቋ ነው። ከ1101 እስከ 1102 አዲስ ቤተ መንግሥት ባሠራ ጊዜ በርማውያን፣ ሞኖችና ፕዩዎች እያንዳንዳቸው በየዘፈናቸው እንደ ዘፈኑ ጽሑፉ ይመሰክራል። በሌላም ጽሑፍ ላይ የሕዝቡን እንባ እንደሚያብስ፣ የተራበውንም እንደሚያበላ ተስፋ ሰጥቷል። አናውራታ የጀመረውን የሽዌዚጎንን ፓጎዳ እርሱ ፈጸመ። ቡድሃ በእውቀት በራበት በቡድሃጋያ በህንድ አገር የሚገኘውንም ቤተ መቅደስ አስጠገነ። በ1106 መልእክተኞቹ እስከ ቻይና ንጉሠ ነገሥት አደባባይ ደረሱ። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን የአናንዳ ቤተ መቅደስ ነው። በውስጡ በአራቱ ማዕዘን ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዞሩ አራት ረጃጅም የቡድሃ ሐውልቶች ቆመዋል። በምዕራቡ ሐውልት እግር አጠገብ ተንበርክኮ የሚታየው ምስል የራሱ የቻንሲታ ነው ይባላል።

ይህን ያህል ያደረገ ንጉሥ አንድ የሚያሳስበው ነገር ነበረ፤ እርሱም ወራሽ ነው። ከንግሥት አቤያዳና የተወለደች ሽዌአይንቲ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። እርሷንም ለሳውዩን ዳረላት። ሳውዩን የሟቹ የሳውሉ ልጅ፣ የአናውራታም የልጅ ልጅ ነው። ይህ ጋብቻ ጥበብ ያለበት ነበር። ቻንሲታ የነገሠው የሳውሉ ልጅ በሕይወት ሳለ ስለ ሆነ፣ ዘውዱ የእኛ ነበር የሚል ወገን አንድ ቀን ሊነሣበት ይችላል። የሁለቱ ቤት ደም ግን በአንድ ሕፃን ከተገናኘ ጠበኛ አይኖርም። ሽዌአይንቲም ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ሲቱ ተባለ። ንጉሡ ደስታው ከመጠን ያለፈ ስለ ሆነ ሕፃኑን አቅፎ በዙፋኑ ላይ አስቀመጠው። ከዛሬ ጀምሮ ንጉሡ ይህ ነው፣ እኔ ግን ለእርሱ ጠባቂው ነኝ ብሎም በመኳንንቱ ሁሉ ፊት አወጀ።

ከዚያ በኋላ ታምቡላ ወንድ ልጅ ይዛ፣ ቀለበቱንም አስይዛ ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ደረሰች።

በክፍል ውስጥ የተከራከርንበት ነገር ይህ ነው። ቻንሲታ ቀለበቱን አየ፤ ሴቲቱንም ልጁንም አልካደም። ለመኳንንቱ ይህ የበኵር ልጄ ነው ብሎ አሳየ። ሴቲቱንም ንግሥት አደረጋት። ዘውዱ ግን ለሕፃኑ ለሲቱ ተሰጥቷልና ቃሌን አላጥፍም አለ። ለልጁም ራጃኩማር የሚል ስም ሰጠው፤ ትርጓሜውም የንጉሥ ልጅ ማለት ነው። የንጉሥ ልጅ ተባለ፣ ንጉሥ ግን አልሆነም።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ንጉሡ ትክክል አደረገ ለማለት አልቻልሁም፤ አሁንም አልችልም። ምክንያቴም ቀለበቱ ነው። ቻንሲታ በጫካ ውስጥ እርጉዝ ሴት ትቶ እንደ መጣ ያውቅ ነበር። ወንድ ቢሆን አምጪው ያለው እርሱ ራሱ ነው። ሰው ልኮ የወለደችው ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ዘውዱን ለሌላ አወጀ። እንግዲህ ጥፋቱ ቃሉን መጠበቁ ሳይሆን ቃሉን መቸኰሉ ነው። የቸኰለው አባት ሲሆን የከፈለው ልጁ ሆነ።

ታሪኩን አንድ ማታ በቤታችን ሳጫውት አባቴ ንጉሡን አመሰገነ፤ በአደባባይ የወጣ ቃል ካልጸና መንግሥት አይጸናም አለ። እናቴ ግን ስለ ንጉሡም ስለ ልጁም አልተናገረችም። ሴትየዋ ያን ሁሉ ዓመት ቀለበቱን ሳትሸጥ ልጅ ስታሳድግ ምን እየበላች ኖረች ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዜና መዋዕሉም ስለዚህ ነገር ምንም አይነግረንም። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ይህ ታሪክ የሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ መስሎ አይታየኝም።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ቻንሲታ 28 ዓመት ከነገሠ በኋላ በጠና ታመመ። በዚያም ጊዜ የሆነውን የጻፈልን ራጃኩማር ራሱ ነው። ጽሑፉ ምያዜዲ በተባለ ፓጎዳ አጠገብ የተገኘ፣ አራት ገጽ ያለው የድንጋይ ዐምድ ነው። አንዱን ነገር በአራት ቋንቋ ይናገራል፤ አንዱ ገጽ በፓሊ፣ አንዱ በፕዩ፣ አንዱ በሞን፣ አንዱ በበርማ ቋንቋ ነው። የበርማው ገጽ በዚህ ቋንቋ ከተጻፉት ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ ነው። የፕዩ ቋንቋ ጠፍቶ የሚያነበው ሰው ስላልነበረ፣ ብላግደን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1911 የፕዩን ገጽ ከሦስቱ ጋራ እያስተያየ ትርጉሙን ሊያገኝ ቻለ። ድንጋዩም በ2015 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ተመዝግቧል።

ድንጋዩ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ንጉሡ ለሚወዳት ንግሥት ሦስት የባሮች መንደር ሰጥቷት ነበር። እርሷም ስትሞት ጌጥዋንና ሦስቱን መንደር ለልጇ ለራጃኩማር ሰጠው። ይህች ንግሥት ታምቡላ ናት ይላሉ የታሪክ ጸሐፊዎች። ንጉሡ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ራጃኩማር አባቱ ያደረገለትን በጎ ነገር አስታውሶ የቡድሃን ምስል በወርቅ አሠራ። ምስሉንም ይዞ ወደ ሕመምተኛው ቀርቦ፣ ይህን ስለ አንተ አድርጌዋለሁ፣ የሰጠኸኝንም ሦስት መንደር ለዚህ ምስል አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ንጉሡም እጅግ ደስ ብሎት መልካም አደረግህ አለው። ከዚያም በመነኮሳት ፊት በምድር ላይ ውሃ አፈሰሰ። በቡድሃ ሃይማኖት ልማድ ይህ ምድር ለስጦታው ምስክር ትሁን ማለት ነው። ራጃኩማርም ምስሉን የሚያኖርበት ጫፉ በወርቅ ያጌጠ ቤተ መቅደስ ሠራ። ጉብያውጂ የሚባለው ይህ ቤተ መቅደስ ግድግዳው ላይ ካሉት የጥንት ሥዕሎች ጋራ ዛሬም አለ። በጽሑፉም መጨረሻ፣ ልጄም ቢሆን፣ የልጅ ልጄም ቢሆን፣ ዘመዴም ቢሆን እነዚህን ለምስሉ የተሰጡትን ሰዎች የሚያስጨንቅ ሁሉ የሚመጣውን ቡድሃ አይይ የሚል ርግማን አለበት።

እኔ የድንጋዩን ትርጉም ደጋግሜ ያነበብሁት አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። ራጃኩማር ስለ ዘውዱ የሚናገርበትን ስፍራ ነው የፈለግሁት። በአራቱም ቋንቋ ስለ ዘውድ የተነገረ ቅሬታ የለም፤ ይገባኝ ነበር የሚል ቃልም የለም። የንጉሡን የነገሠበትን ዘመን፣ የእናቱን ስም፣ የሦስቱን መንደሮች ስም፣ የመነኮሳቱን ስም ሁሉ ጽፏል። ከአባቱ ያገኘውንም ሦስት መንደር፣ የእናቱ መታሰቢያ ሳለ፣ ለአባቱ ነፍስ ሰጠው። ቂም ይዞ ከሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ በድንጋዩ ላይ ግን አላስቀረጸውም።

ቻንሲታ ዐረፈ፤ የልጅ ልጁም አላውንግሲቱ ተብሎ ያለ ደም መፋሰስ ነገሠ። ከ50 ዓመት በላይም ገዛ። በዚያን ዘመን ለነበረ መንግሥት ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ የምናውቀው የሚቀጥለውን ስናይ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው፣ አላውንግሲቱ አርጅቶ በታመመ ጊዜ፣ በ1167፣ ልጁ ናራቱ አፍኖ ገደለው። ታላቅ ወንድሙ ሚንሺንሳው ጦር ይዞ መጣ። አንድ የተከበረ መነኩሴ በመካከላቸው ገብቶ ናራቱን አስማለው፤ ናራቱም የወንድሙን ሰይፍ በትከሻው ተሸክሞ በዙፋን ላይ እንደሚያስቀምጠው ማለ። እንደ ማለውም አደረገ፤ በዚያው ሌሊት ግን ወንድሙን በመርዝ ገደለው። መነኩሴውም አዝኖና ተቈጥቶ አገሩን ለቆ ወደ ሴሎን ሄደ። ናራቱ ራሱ ብዙ ሳይገዛ በሰው እጅ ሞተ።

እንግዲህ በአንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሦስት ዐይነት ቃል አየሁ። ሳውሉ ቃሉን እንደ ዋዛ ጣለው፤ አገሩም በጦር ተቃጠለ። ናራቱ ቃሉን በሰይፍ ፊት ሰጥቶ ሌሊት በላው፤ ወንድሙም እርሱም ጠፉ። ቻንሲታ ቸኵሎ የሰጠውን ቃል እየመረረው ጠበቀ፤ አገሩም ግማሽ ምዕት ዓመት ዐረፈ። ነገር ግን ያን ዕረፍት ለአገሩ የገዛው ንጉሡ ብቻውን አይደለም። ከደጃፍ ቆሞ የእምቢታውን ቃል የሰማው፣ ሰይፍ ሊያነሣ ሲችል ያላነሣው ልጅም ከፍሎበታል።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ባለፈው ዓመት ዘውዱ የልጁ ነው ብዬ ነበር። ዛሬም ልጁ ተበድሏል እላለሁ፤ በዚህ አልረታም። ነገር ግን ያን ጊዜ ያልጠየቅሁትን አሁን እጠይቃለሁ፤ የተበደለ ሰው በበደሉ ምን ይሠራበታል? ከመካከላችን ዘውድ የሚወርስ የለም። ይሁን እንጂ በየቤታችን ለአንዱ የተሰጠ ለሌላው የቀረ ነገር ይኖራል። ወላጆቻችን ቃል ከመስጠታቸው በፊት ቀለበቱን የሰጡት ለማን እንደ ሆነ ቢያስታውሱ መልካም ነው። እኛም የቀረብን ነገር ቢኖር ራጃኩማርን እናስብ። ንጉሥ ያልሆነው ልጅ ያቆመው ድንጋይ ከ900 ዓመት በኋላ ዛሬም ይነበባል፤ የአባቱንም ስም በአራት ቋንቋ የሚያስጠራው እርሱ ነው።